ባትላሜራና ቀጥቃጭ

ጋራዥ የዋለ ሰው ሳያስበው ጣሊያንኛ ተምሮ ይወጣል። «ካቻቪቴ አቀብለኝ» ይባላል፤ «ቡሎኑን ፍታው» ይባላል፤ ካንዴላው ቆሽሿል፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ ፓራፋንጎው ተጎድቷል ይባላል። የተጨረመተ የመኪና ገላ የሚያቃናው ባለሙያም የራሱ ስም አለው፤ ባትላሜራ። ቃሉን ከጣሊያኖቹ ተቀብለን በአፋችን ልክ አሳጠርነው እንጂ በቋንቋቸው የተለየ ምሥጢር የለውም። ላሜራ መቺ፣ ላሜራ ቀጥቃጭ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ቀጥቃጭ የሚለው ቃል በአማርኛ ከጥንት የነበረ ነው። ብረት በከሰል አግሎ፣ በጉጠት ይዞ፣ በመስፍ ላይ አጋድሞ በመዶሻ የሚመታ ሰው በሀገራችን ታጥቶ አያውቅም። ታዲያ ለዚያው ለመምታቱ ሥራ የባዕድ ቃል ለምን አስፈለገን? «መኪናው ከባዕድ ስለመጣ ነዋ» የሚል መልስ በቀላሉ ይገኛል። መልሱ ግማሹ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ግን ከመኪና የቀደመ፣ እኛም አንስተን ልንነጋገርበት ብዙ የማንወደው ታሪክ አለበት። እኔን ወደዚህ ታሪክ የመራችኝ ደባርቅ ውስጥ በአንድ ግቢ ጥግ ቆማ ስትዝግ የኖረች ቬስፓ ናት።

ቬስፓዋ የእናቴ አጎት ንብረት ነበረች። በ1950ዎቹ መጨረሻ ለሥራ አሥመራ ሄደው ሳለ ያገለገለች ገዝተው፣ በጭነት መኪና አስጭነው፣ ሊማሊሞን አሻቅበው ደባርቅ አስገቧት። እሳቸው ካረፉ ወዲህ የነዳት የለም። ባለቤታቸው ግን ለብረት ሰብሳቢ ሊሸጧት አልፈቀዱም። ላሠራት እንደምፈልግ ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «አሠራት፤ ግን ከጎንደር እንዳታልፍብኝ» አሉኝ። ስለዚህ ባለሙያውን መፈለግ የነበረብኝ ከደባርቅ እስከ ጎንደር ባለው መንገድ ላይ፣ በስሜን ተራሮች ግርጌ ነው።

* * *

የቬስፓ ዝገት ከሌላው ዝገት ለምን እንደሚብስ ለመረዳት የልደቷን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። ቬስፓ በጣሊያንኛ ተርብ ማለት ነው። ተርቧ የተወለደችው ጦርነት ባፈራረሰው የአውሮፕላን ፋብሪካ ነው። ፒያጆ የተባለው ኩባንያ ፖንቴዴራ በምትባለው የጣሊያን ከተማ የጦር አውሮፕላን ይሠራ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካው በቦምብ ተደበደበ። ሰላም ሲወርድ ደግሞ ለተሸነፈች አገር የጦር አውሮፕላን ሥራ የሚታሰብ አልሆነም። ኤንሪኮ ፒያጆ ሠራተኛውንና መሣሪያውን ምን ላይ እንደሚያውል ሲጨነቅ ቆይቶ፣ ዋጋዋ የማይከብድ፣ ማንም በቀላሉ ሊነዳት የሚችል ባለ ሁለት ጎማ እንዲነድፍለት ኮራዲኖ ዳስካኒዮን አዘዘ። ዳስካኒዮ የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነበር። እንዲያውም ሞተር ሳይክል አይወድም ነበር ይባላል። የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው ሚያዝያ 15 ቀን 1938 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 1946) ነው። የመጀመሪያዋ ቬስፓ ሞተር 98 ሲሲ ብቻ ነበር። በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ የተሠሩት ቬስፓዎች ቁጥር አንድ ሚሊዮን ደረሰ።

ዳስካኒዮ የሚያውቀው አውሮፕላን ስለነበረ ቬስፓንም የሠራት እንደ አውሮፕላን ነው። ተራ ሞተር ሳይክል ከቱቦ የተበየደ አጥንት አለው፤ የቀረው ሁሉ በዚያ ላይ ይንጠለጠላል። ቬስፓ ግን ከታጠፈና ከተበየደ ላሜራ የተሠራ አንድ ወጥ ገላ ናት። አጥንት የላትም፤ ቆዳዋ ራሱ አጥንቷ ነው። በሚላን ከተማ የተሠራችው ተቀናቃኟ ላምብሬታ የቱቦ አጥንት ስላላት አንዱ ጎኗ ቢዝግ አውልቆ መቀየር ይቻላል። የቬስፓ ወለል ሲበሳ ግን የሚጎዳው መልኳ ብቻ አይደለም፤ ወገቧ ነው የሚሰበረው። እግር የሚያርፍበት ወለል፣ በወለሉ መካከል ሽቦዎቹ የሚያልፉበት ጉብታ፣ ከፊት ጋሻዋ ጋር የሚገናኝበት ጥግ፣ እነዚህ ሁሉ ጭነት ተሸካሚ ናቸው።

ደባርቅ ደግሞ ለላሜራ የምትመች አገር አይደለችም። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ክረምት ሲገባ ከሊማሊሞ ገደል የሚነሣው ጉም ቀን ሙሉ አይገፈፍም። እርጥበቱ ከአቧራ ጋር ተደባልቆ የላሜራ መጋጠሚያ ውስጥ ይገባና እዚያው ይቀራል። ከላይ ሲያዩት ቀለሙ ደህና ነው፤ በካቻቪቴ ጫፍ ሲነኩት ግን እንደ ደረቀ እንጀራ ይፈረፈራል።

* * *

የስሜንና የወገራ ሰው ከባዕድ ላሜራ ጋር በቅርብ የተያየው በጦር ሜዳ ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የደጃዝማች አያሌው ብሩ ሰዎች ያሉበት የራስ እምሩ ሠራዊት ተከዜን ተሻግሮ ደምበጊና ላይ የጣሊያንን ቀላል ታንኮች ገጠመ። ታንክ የሚመታ መሣሪያ የሌለው ወታደር ብረት ለበሱን ከብቦ አንዳንዱን ከጥቅም ውጭ አደረገ። ጦርነቱ በአጠቃላይ ግን በአየርና በመርዝ ጋዝ ስለተካሄደ የዚያ ድል ፍሬ አልዘለቀም።

በመጋቢት ወር አኪሌ ስታራቼ የሚመራው ባለ መኪና ጦር ወደ ጎንደር ሲገሰግስ የስሜንን ተራራ አልደፈረም። ከኤርትራ በምዕራብ ቆላ በኩል ዞሮ፣ ሰቲትን ተሻግሮ፣ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። መኪና ሊማሊሞን የሚወጣበት መንገድ አልነበረምና ነው። ጣሊያኖቹ ያንን መንገድ የሠሩት ከዚያ በኋላ ነው። አሥመራን ከጎንደር ለማገናኘት ከአዲ አርቃይ ቆላ ተነሥቶ፣ ገደሉን እየተጠማዘዘ ወጥቶ፣ ደባርቅ ሜዳ ላይ የሚደርሰውን መንገድ ቀደዱ። የሊማሊሞን ጥምዝ በዚያ ያለፈ ሰው በሕይወቱ አይረሳውም።

በመንገዱ ግን ብዙ አልተጠቀሙበትም። ከገደሉ አናት ላይ ወልቀፊት በተባለው በር የመሸገው የጣሊያን ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ ከቆየ በኋላ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ደግሞ ጄኔራል ናዚ ጎንደርን አስረከበ። በሀገራችን የመጨረሻው የፋሺስት ምሽግ ወደቀ። ጦሩ ሄደ፤ መንገዱ፣ የተሰባበረው መኪናና የመኪናው ቋንቋ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ሊማሊሞ የጦር መንገድ መሆኑ ቀርቶ የንግድ መንገድ ሆነ። ከአሥመራ ጨርቅና መለዋወጫ ይመጣል፤ ከጎንደር እህልና ከብት ይሄዳል። በዚያ ገደል ፍሬኑ የጋለ፣ ባሌስትራው የተሰበረ የጭነት መኪና ብዙ ነው። የተሰበረ መኪና ባለበት ደግሞ ጠጋኝ ይበቅላል። ከጣሊያን ባለሙያ ሥር በረዳትነት የሠለጠኑ የአሥመራ ልጆች፣ ከእነሱ ሥር የሠለጠኑ የጎንደር ልጆች እያሉ ሙያው በመንገዱ ተጓዘ። የገጠሩ ቀጥቃጭም ከዚያ መንገድ ድርሻውን አላጣም፤ ከተሰበረ ባሌስትራ ማረሻና ማጭድ ማውጣት ለመደ። አንዱ ብረት በከተማ በኩል «ባትላሜራ»ን፣ በገጠር በኩል «ቀጥቃጭ»ን ይመግብ ጀመር።

* * *

ፍለጋዬን የጀመርሁት እዚያው ደባርቅ ነው። በዋናው መንገድ ዳር የብረታ ብረት ሥራ ቤት አይጠፋም። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ የውኃ ታንከር ይሠራሉ። የመጀመሪያው ሰው ቬስፓዋን አንዴ ዞሮ አየና «ከላዩ አዲስ ላሜራ እንለጥፍበታለን፤ በስቱኮ እንለስነዋለን፤ ቀለም ሲቀባ አታውቃትም» አለኝ። ሁለት ቀን እንደሚበቃውም ጨመረ። ሁለተኛው ለረዥም ጊዜ ጎንበስ ብሎ ሲመረምር ቆየና «ወንድሜ፣ ይኼ ስስ ነው። የኔ ብየዳ ለበር ነው፤ ይኼን ይበሳዋል» ብሎ እውነቱን ነገረኝ።

የእነዚህ የሁለቱ ልዩነት ባለሙያ ለሚፈልግ ሁሉ ትልቅ ትምህርት ነው። ዝገት በሽታ እንጂ ቁስል አይደለም። በዛገ ላሜራ ላይ አዲስ ላሜራ መለጠፍ እርጥበቱን በሁለቱ መካከል መቅበር ነው፤ በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ አዲሱንም ይዞት ይሄዳል። ስቱኮ ደግሞ የሚሞላው የመዶሻን ጠባሳ ነው እንጂ ቀዳዳን አይደለም። ጭነት ይሸከማል ተብሎ በተሠራ ወለል ላይ ስቱኮ መለሰን የሰውን ነፍስ በሊጥ ላይ ማሳረፍ ነው።

ጎንደር ላይ ትልልቅ ጋራዦች አሉ። በአንዱ የተሻለ መሣሪያና ደህና ባለሙያ አገኘሁ፤ ነገር ግን ሚኒባስና የጭነት መኪና ተራ በያዘበት ግቢ ለአንዲት ቬስፓ የሚተርፍ ጊዜ አልነበረም። እዚያ የነበረ አንድ ረዳት ነው «ዳባት ውስጥ ባጃጅ የሚያቃኑ ሰውዬ አሉ፤ ስስ ላሜራ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው» ብሎ የጠቆመኝ።

ባጃጅ ሲለኝ ነገሩ ወዲያው አልገባኝም ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ከዚህ የተሻለ ምክር ሊኖር እንደማይችል ተረዳሁ። ፒያጆ ቬስፓን በሠራ በሁለተኛው ዓመት የእሷን ፊት ይዞ ከኋላ ሁለት ጎማ በመጨመር ባለ ሦስት እግር ዕቃ ጫኝ ሠራ። ስሟንም አፔ፣ ማለትም ንብ አላት። ባጃጅ የተባለው የሕንድ ኩባንያ በ1950ዎቹ ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ቬስፓንና ባለ ሦስት እግሩን በሀገሩ መሥራት ጀመረ። ዛሬ በደባርቅና በዳባት መንገድ የሚርመሰመሰው ባጃጅ የዚያ ዘር ነው። ተርቧ ንብ ወለደች፤ ንቧ ሕንድ ሄዳ ባጃጅን ወለደች፤ የልጅ ልጇ ደግሞ አያቱ በዛገችበት አገር ሰው እያመላለሰ ይኖራል። ባጃጅ የሚያቃና ሰው ቬስፓን ባያውቅ እንኳ ዘመዷን ያውቃል ማለት ነው።

* * *

የዳባቱ ባለሙያ ሃምሳን የተሻገሩ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይገባችኋል። ቬስፓዋን ሲያዩ መጀመሪያ ያደረጉት በጣታቸው ጀርባ መላ ገላዋን እያንኳኩ መስማት ነው። ደህናው ላሜራ ይጮሃል፤ የታመመው ድምፁ ይሞታል። በጠመኔ ከበቡት። ከዚያ «ጊዜ ካለህ እኔ ጊዜ አለኝ» አሉኝ።

ሥራቸውን ለሦስት ሳምንት እየተመላለስሁ አየሁ። ቀለሙን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ገፈፉ። የዛገውን ክፍል ደህናው ብረት እስኪገኝ ድረስ ቆርጠው ጣሉ። ከመቁረጣቸው በፊት ግን ገላዋ እንዳይጣመም ከጋሻዋ እስከ ወንበሯ ድረስ ወፍራም ብረት አስረው ደገፏት፤ ወለሉ የተነሣ ቬስፓ ካልተደገፈች ትዞራለች፤ የዞረች ቬስፓ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ወደ አንድ ጎን ስትስብ ትኖራለች። አዲሱን ላሜራ አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ እያጋደሙ በእንጨት መዶሻ ጎድጓዳውን አወጡለት። ጠርዝ ለጠርዝ ገጥመው በኦክስጅን ብየዳ ነጥብ በነጥብ ያዙት። አንድ ነጥብ ወዲህ፣ አንድ ነጥብ ወዲያ፣ መካከሉ እስኪበርድ ሌላ ሥራ። በአንድ ጊዜ ቢበይዱት ስሱ ላሜራ እንደ ቆዳ ይጨማደዳል። ብየዳው ሲያልቅ ከሥሩ ብረት እየደገፉ፣ ከላይ በትንሽ መዶሻ እየመቱ አስተካከሉት። ከዚያ ዝገት መከላከያ ቀለም፤ ከዚያ እንደ ወረቀት የሳሳ ስቱኮ፤ መጨረሻ ቀለም።

ከሥር የሚደግፉበት ብረት ዓይኔን ሳበው። የጋራዥ ዕቃ አይመስልም። አናቱ በመመታት ብዛት ለስልሶ የሚያበራ ትንሽ የብረት ጉማጅ ነው። ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «መስፍ ነዋ» አሉ። ከየት እንዳገኙት ስጠይቃቸው ግን ዝም አሉ። መልሱን ያገኘሁት በሦስተኛው ሳምንት፣ ረዳቶቻቸው ምሳ በወጡበት ሰዓት ነው።

«የአባቴ ነው» አሉኝ። «አባቴ ማረሻ ይቀጠቅጡ ነበር። ገበያ ሲወጡ ሰው ማረሻውን ይገዛቸዋል፤ የታዘለ ልጅ ካለ ግን እንዳያዩት በነጠላ ይሸፈናል።»

* * *

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። በስሜን፣ በወገራና በደምቢያ ብረት መቀጥቀጥና ሸክላ መሥራት ለብዙ ዘመን የተለዩ ሰዎች ሥራ ሆኖ ኖሯል። ከእነዚህ ውስጥ ስመ ጥሮቹ ቤተ እስራኤሎች ናቸው። በስሜን ተራሮች የራሳቸው ገዥ የነበራቸው እነዚህ ሰዎች በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በዐፄ ሱስንዮስ ጦር ተሸነፉ። ርስት ያጣ ሰው የሚቀረው እጁ ነው። ወንዱ ወናፍና መዶሻ ያዘ፤ ሴቷ ሸክላ ሠራች። በጎንደር ቤተ መንግሥቶች ግንባታም ግንበኛና አናጢ ሆነው መሥራታቸው ይነገራል። ቀጥቃጭ ሁሉ ቤተ እስራኤል አልነበረም፤ ስድቡ ግን ሁሉንም እኩል ያዳረሰ ነበር። ጠይብ፣ ባለ እጅ፣ ቡዳ እየተባሉ፣ ያለ እነሱ ማረሻ በማያርስ፣ ያለ እነሱ ማጭድ በማያጭድ ሕዝብ መካከል በሥጋት ዓይን እየታዩ ኖሩ።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሙያው እያነሡ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው፣ የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል ቤንትሊ በተባለ እንግሊዛዊ አማካይነት አዲስ አበባ የገባችው በዚያው በ1900 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በአንድ ዓመት ውስጥ መኪናን ተቀበሉ፤ መኪናን ወደ ፊት የሚጠግነውንም እጅ ከስድብ ሊያድኑ ሞከሩ። የመጀመሪያው ሥር ሰደደ። ሁለተኛው ግን ከአዋጅ ነጋሪው ድምፅ ብዙ ርቆ አልሄደም።

ከዚያ የሆነውን እናውቃለን። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ተጓጉዘው፣ ቤተ እስራኤሎች ወደ እስራኤል ሄዱ። የሄዱት ለሃይማኖታቸውና ለተስፋቸው ነው። ሲሄዱ ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ የወረደ የእጅ ዕውቀትም አብሮ ሄደ። ከጎንደር ወደ ዳባት ሲወጡ በመንገዱ ዳር የምትገኘው የወለቃ መንደር የዚያ ዕውቀት መታሰቢያ ናት። ቀጥሎም ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ሊማሊሞን ይዞ አሥመራ የሚያደርሰው መንገድ ድንበሩ ላይ ተዘጋ፤ ሁለተኛው የሙያ ምንጭም ደረቀ። በደባርቅ ላሜራ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደጠፋ ለሚጠይቅ፣ መልሱ ከእነዚህ ሁለት መንገዶች ውጭ አይደለም። አንዱን እጅ ሰድበን ኖርን፤ የሌላው መምጫ ተዘጋ።

* * *

የዳባቱ ሰው ወሬያቸውን ሲቀጥሉ እንዲህ አሉኝ። «በልጅነቴ ወደ ጎንደር ጠፍቼ ሄድሁና ጋራዥ ገባሁ። መዶሻ ስይዝ የጋራዡ ሰው ‹የት ተማርህ?› አለኝ። ‹የትም› አልሁት። ባትላሜራ ተባልሁ። ደመወዝ ተከፈለኝ፤ ሚስት አገባሁ። አሁንማ ‹ኢንጂነር› የሚለኝም አለ። ሥራው ያው የአባቴ ሥራ ነው፤ የተለወጠው ስሙ ነው።»

ለጥያቄዬ ከዚህ የተሻለ መልስ ከመጽሐፍ አላገኝም። የጣሊያንኛው ቃል ያስፈለገን መኪናው ከባዕድ ስለመጣ ብቻ አልነበረም። ቃሉ ስድብ የሌለበት ስለሆነ ነው። «ባትላሜራ» ሲባል ዘር አይጠየቅም፤ ልጅ በነጠላ አይሸፈንም። የወረረን ጠላት ትቶት የሄደ ቃል፣ የራሳችን ቋንቋ ለነፈጋቸው ሰዎች መጠለያ ሆነ። ይህ ለጣሊያን ምስጋና አይደለም። ለእኛ ግን የሚያሳፍር ነገር ነው።

ቬስፓዋ አልቃለች። በገላዋ ላይ የተጣፈበትን መስመር በእጄ ብዳብስ ላገኘው አልቻልሁም። የአጎቴ ባለቤት መጥተው ሲያዩዋት ወለሉን በእግራቸው ጫን ጫን አድርገው ሞከሩና «እንዲህ ነበረች» ብቻ አሉ።

በመጨረሻው ቀን ሂሳብ ከተዘጋ በኋላ ባለሙያው አንድ ነገር ጠየቁኝ። ለሥራ ቤታቸው ሰሌዳ ሊያስጽፉ ነው፤ እኔም ጸሐፊ ነኝና ምን ይሻላል? «ላሜራ ቀጥቃጭ ቢባልስ?» አልኋቸው። ሳቁ። ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ መስፉን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ሣጥኑ እየመለሱ «እሱን ከጻፍሁማ ማን ይመጣል ልጄ?» አሉ።

ሰሌዳው «ባትላሜራና ቀለም» ይላል። የ1900ው አዋጅ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዳባት ግን ገና በመንገድ ላይ ነው።